የዓሣን የጆሮ ጠጠር አውጥቶ ቅርጹን እንዴት ማንበብ ይቻላል?

ሐዋሳ አሞራ ገደል ወደሚባለው የሐይቅ ዳር የዓሣ ገበያ በጠዋት ብትወርዱ ከአንድ ሐይቅ የወጡ ሦስት ዓይነት ዓሦች ታያላችሁ፦ ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ። ውሃቸው አንድ ነው። ጭንቅላታቸው ተከፍቶ የጆሮ ጠጠሮቻቸው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ይህን ነገር ስጀምር የጠጠሩን ቅርጽ የሚወስነው ዓሣው የሚኖርበት ውሃ ነው ብዬ ነበር። ሦስት ጭንቅላት ስከፍት ሐሳቤ ፈረሰ። ከዚያ ወደ ሌላው ጫፍ ሄጄ ውሃው ምንም ድርሻ የለውም ማለት አበዛሁ፤ እሱም አላዋጣኝም። የውሃውንና የዘሩን ድርሻ ለመለየት ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ከታች በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ።

መጀመሪያ ስለ ጠጠሩ ትንሽ። ዓሣ ከውጭ የሚታይ ጆሮ የለውም። በራስ ቅሉ ውስጥ ግን በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት፣ በድምሩ ስድስት ጠጠሮች ይዟል፤ የሚሰማውም ሚዛኑን የሚጠብቀውም በእነሱ ነው። የላቲን ስማቸው ሳጂታ (ፍላጻ)፣ ላፒለስ (ትንሽ ጠጠር) እና አስቴሪስከስ (ትንሽ ኮከብ) ነው። የተሠሩት ከካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ከሚሠራበት አራጎናይት። ዓሣው በሕይወት እስካለ ድረስ በላያቸው ላይ ንብርብር ይጨመራል። ሻርክን የመሰሉ ልም አጥንት ያላቸው ዓሦች እንዲህ ያለ ጠጠር ስለሌላቸው በእነሱ አትድከሙ።

ዕቃ

ስለታም ቢላ፣ ቀጭን ጫፍ ያለው ወረንጦ፣ ስቲኪኒ፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ጥቁር ጨርቅ ወይም ካርቶን፣ ሚሊሜትር ያለው ማስመሪያና ትንንሽ የወረቀት ፖስታዎች። ለአምባዛ ብቻ ሴጌቶ ያስፈልጋል። ብር የምታወጡ ከሆነ ወረንጦው ላይ አውጡ። የፀጉር መንቀያው ወፍራም ወረንጦ ስንት ጠጠር እንደሰበረብኝ አልቆጥረውም። ሌላው ከቤት ይገኛል።

ጭንቅላቱን ማግኘት

ፊሌቶ የሚያወጡት ልጆች ጭንቅላቱን በነጻም በጥቂት ብርም ይሰጣሉ። «ጋሼ፣ ለሾርባ ነው?» ሲሉኝ አዎ እላለሁ፤ ነገሩን ማስረዳት ረጅም ነው። በዐቢይ ጾም ወራት ዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ ጭንቅላትም እንደ ልብ ይገኛል። ዋናው ቁም ነገር ዓሣው ሳይቆረጥ ርዝመቱን መለካት ነው። ርዝመቱ ያልታወቀ ዓሣ ጠጠር ጌጥ ከመሆን አያልፍም፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይመጣል።

ቆሮሶን መክፈት

አስቸጋሪው ክፍል ይህ ነው፤ ቀስ እንበል።

በቆሮሶ ትልቁ ጠጠር ሳጂታ ነው፤ መጠኑ የምስር ክክ ያህላል። ሁለቱ ሳጂታዎች የሚተኙት ከኋለኛው የአንጎል ክፍል ሥር፣ በግራና በቀኝ ባሉ ጉድጓዶች ውስጥ ነው። ስለዚህ የራስ ቅሉን ጣሪያ እንደ ድስት ክዳን ማንሳት አለባችሁ። ዓሣው በሆዱ እንዲቆም አድርጋችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ዓይኖቹን ግራና ቀኝ ያዙ። ቢላውን በዓይኑ የላይኛው ጠርዝ ልክ አጋድሙትና ወደ ኋላ፣ ወደ ጀርባው ቁረጡ። ከፍ ካላችሁ የምታገኙት ሥጋና የአናቱን አጥንት ብቻ ነው። ዝቅ ካላችሁ ደግሞ ጠጠሩን ለሁለት ትከፍሉታላችሁ። ከመጀመሪያዎቹ አሥር ጭንቅላቶቼ ስድስቱ ላይ ቢላዬ ጠጠሩን ሲነካ የሚያሰማውን «ቀጭ» አሁንም አልረሳውም። ቀስ በቀስ የለመድኩት ዘዴ፣ ሆን ብዬ ከፍ አድርጌ መጀመር፣ ከዚያ በስስ በስሱ እየሸለትኩ መውረድ ነው። ነጣ ያለው አንጎል ሲታይ ቢላው ሥራውን ጨርሷል፤ አስቀምጡት።

አንጎሉን በስቲኪኒ ጠርጋችሁ አውጡ። ከሥሩ በስስ ሽፋን ውስጥ ሁለት ነጭ ነገሮች ይታያሉ። በወረንጦ ጠርዛቸውን ሳይሆን ወገባቸውን ያዙ፤ ሹል ጫፋቸው በቀላሉ ይሰበራል። ካልታያችሁ አትቆፍሩ። ጭንቅላቱን ወደ ብርሃን አዘንብሉና እንደገና ተመልከቱ።

ሌላም መንገድ አለ፤ የስንጥቡን ክዳን አንስቶ፣ ስንጥብ ውስጥ ያለውን ቀይ ላባ መሳይ ነገር ቆርጦ አውጥቶ፣ የራስ ቅሉን ከሥር በኩል መስበር። እጅ ከለመደ ይፈጥናል፤ ለጀማሪ ግን አልመክርም፣ ደሙ ሁሉን ይሸፍነዋል። በረዶ የያዘ ጭንቅላት ካላችሁ ሙሉ በሙሉ ሳይቀልጥ ቁረጡት፤ አንጎሉ አይበተንም፣ ጠጠሩም ከቦታው አይንሸራተትም።

አምባዛና ቢልጫ

እዚህ ጋ ሳጂታ ፍለጋ አትሂዱ። እኔ ሄጄ ሁለት ቀን ከስሬያለሁ፤ «አምባዛ የጆሮ ጠጠር የለውም» ብዬም ለሰው ተናግሬያለሁ። አለው። ሳጂታው እንደ መርፌ የቀጠነ ስለሆነ ገና ሲነካ ይሰበራል። በአምባዛ ትልቁ ላፒለስ ነው፤ ድብልብል ያለ። በቢልጫ ደግሞ ትልቁ አስቴሪስከስ ነው፤ ጠፍጣፋና ክብ ቢጤ።

የአምባዛ ራስ የአጥንት ጋሻ ነው፤ ቢላ አይገባውም። በሴጌቶ ከአፍንጫው እስከ ማጅራቱ በመሐል መስመር ለሁለት ሰንጥቁት። እያንዳንዱ ግማሽ የራሱን ጠጠሮች ይይዛል። ሴጌቶ የነካው ጭንቅላት የአጥንት ፍርፋሪ ስላለበት ለሾርባ አይሆንም፤ አባ ኮዳ የሚባለው የሐይቅ ዳር ወፍ ግን አይጠየፈውም። ቢልጫው እንደ ቆሮሶው በቢላ ይከፈታል።

ማጠብ፦ ሎሚ አታስነኩት

ሽፋኑን በውሃና በለስላሳ ብሩሽ አስለቅቁ፣ አድርቁ፣ ፖስታ ውስጥ ክተቱ፤ ፖስታው ላይ ቀን፣ ቦታ፣ የዓሣው ዓይነት፣ ርዝመት፣ ግራ ወይስ ቀኝ መሆኑን ጻፉ። ይኸው ነው። እኔ ግን ከዚህ በላይ ሄድኩ።

አንድ ጊዜ የሐዋሳን ቆሮሶ ከዝዋይ ቆሮሶ ጋር ላነጻጽር ፈልጌ ነበር። የዝዋዮቹ ጭንቅላቶች በአውቶቡስ ሲመጡ ሸተቱ። እኛ ቤት ዓሣ ሲሸት ምን እንደሚደረግ የታወቀ ነው፤ ሎሚ ይጨመቅበታል። ጠጠሮቹን አውጥቼ በሎሚ ውሃ ዘፍዝፌ አደርኩ። ጠዋት ሽታው ጠፍቷል። ስለካቸው የዝዋዮቹ ጠርዝ ከሐዋሳዎቹ ይልቅ ለስላሳ፣ ጥርሱ የተበላ ሆኖ አገኘሁት። ደስታዬ አይነገርም፤ የሐይቁን ልዩነት በእጄ የያዝኩ መሰለኝ። ሠንጠረዥ ሠርቼ ለአንድ የባዮሎጂ መምህር ወዳጄ አሳየሁት። አየት አደረገና «በምን አጠብካቸው?» አለኝ። ካልሲየም ካርቦኔት በአሲድ ይሟሟል፤ የለካሁት የሎሚን ሥራ ነበር። ኮምጣጤም ያው ነው። ፎርማሊን ውስጥ የቆየ ዓሣም አይታመንም፤ ፎርማሊን እየቆየ ሲሄድ አሲድ ስለሚሆን ጠጠሩን ይበላዋል።

ፎቶና ልኬት

ለጠርዙ ፎቶ ጠጠሩን ጥቁር ጨርቅ ላይ አስተኙ፣ ማስመሪያውን ከጎኑ አድርጉ፣ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ስልክ ላይ የሚለጠፈው ርካሽ የማጉያ ሌንስ ለምስር ክክ ይበቃል፤ ለትንንሾቹ ግን ማይክሮስኮፕ ለምኑ። ቀጥሎ የውስጠኛውን ፊት ወደ ላይ አድርጋችሁ መብራቱን ከጎን፣ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። በጥላው የተነሳ በመሐል የሚያልፍ ቦይ ይወጣል። የቦዩ አከፋፈትና አጨራረስ ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያይ ባለሙያዎች ከጠርዙ ይልቅ ለዝምድና ፍለጋ በእሱ ይተማመናሉ።

ለልኬቱ ኢሜጅጄ (ImageJ) የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ተጠቀሙ፤ ርዝመት፣ ስፋት፣ የገጽ ስፋትና ዙሪያ ይሰጣችኋል። ርዝመቱን ለስፋት ማካፈል የጠጠሩን ቅጥነት ያሳያል። ክብነቱ ደግሞ 4 × 3.14 × የገጽ ስፋት ÷ (ዙሪያ × ዙሪያ) ነው፤ ፍጹም ክብ 1 ይሆናል። ለምሳሌ የገጽ ስፋቱ 22 ካሬ ሚሊሜትር፣ ዙሪያው 18 ሚሊሜትር የሆነ ጠጠር 0.85 ይሰጣል። በዚያው የገጽ ስፋት ጠርዙ ጥርስ አውጥቶ ዙሪያው 20 ቢደርስ 0.69 ይወርዳል። አንድ ወጥመድ አለ፦ ፎቶው በጎላ ቁጥር ጥቃቅን ጥርሶች ስለሚታዩ ዙሪያው ይረዝማል። ሁሉንም በአንድ ዓይነት ማጉላት አንሱ።

ቅርጹን ማንበብ

በመጀመሪያ ዝምድናውን አንብቡ። አምባዛና ቢልጫ በመልክ ባይገናኙም የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም ከአየር ከረጢታቸው ወደ ውስጠኛው ጆሮ ድምፅ የሚያደርሱ የትንንሽ አጥንቶች ሰንሰለት አላቸው፤ ኧርንስት ሃይንሪኽ ቬበር እ.ኤ.አ. በ1820 የገለጸው ነው። ሳጂታቸው እንደ መርፌ ቀጥኖ ሌላው ጠጠር የሚገዝፈውም በእነዚሁ ባለ ሰንሰለት ዓሦች ነው። ቆሮሶ ይህ ሰንሰለት የለውም። ስለዚህ ከአሞራ ገደል የወሰዳችኋቸው ሦስት ፖስታዎች የሚነግሯችሁ በአብዛኛው የዘር ሐረግን ነው፤ ሐይቁ አንድ ስለሆነ ልዩነቱን ለሐይቁ መስጠት አይቻልም።

የመኖሪያ ነገር ሲነሳ ብዙ ሰው ቱናን ይጠቅሳል። በክፍት ባሕር የሚምዘገዘገው ቱና ጠጠሩ ከአካሉ አንጻር ትንሽ ነው፤ ዳርቻ ዳርቻውን የሚኖሩት፣ በአየር ከረጢታቸው ከበሮ የመሰለ ድምፅ የሚያሰሙት ከበሮ ዓሦች ደግሞ ትላልቅ ጠጠር አላቸው። ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ግን ተጠንቀቁ። ቱናዎች ሁሉ እርስ በርስ ዘመዳሞች ናቸው፣ ከበሮ ዓሦችም እንዲሁ። የፍጥነቱ ነው ወይስ የቤተሰቡ? ከዚህ ብቻ አይታወቅም።

የውሃውን ድርሻ ለማየት ዝርያውን አንድ አድርጋችሁ ሐይቁን መለየት አለባችሁ፤ ያለ ሎሚ። እዚህም ላይ ሌላ ጉድጓድ አለ። ስቲቨን ካምፓናና ጆን ካስልማን እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ጥናት በሰሜን አትላንቲክ የሚገኙ የኮድ ዓሦችን ጠጠር ሲያነጻጽሩ፣ ለቅርጽ ልዩነቱ ዋናው ምክንያት ዓሦቹ የሚያድጉበት ፍጥነት ሆኖ አግኝተውታል። ቀዝቃዛ ወይም ምግብ ያነሰው ውሃ ዕድገትን ያዘገያል፤ ዕድገቱ ደግሞ ጠጠሩን ይቀርጻል። ስለዚህ ትንሽ ዓሣን ከትልቅ ጋር ማነጻጸር ዋጋ የለውም፤ ርዝመቱን ለኩ ያልኩት ለዚህ ነው። እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት ዓሦችም አንዱ ፈጥኖ፣ አንዱ ዘግይቶ ያደገ ሊሆን ይችላል። ዕድሜያቸውን ማወቅ ትፈልጋላችሁ ማለት ነው።

ዕድሜ የሚነበበው ጠጠሩ ውስጥ ካሉት ቀለበቶች ነው፤ አንድ ቀለበት አንድ ዓመት ብሎ መቁጠር ግን ከቀዝቃዛ አገር የመጣ ልማድ ነው። ደመቀ አድማሱ ከዚያው ከካስልማን ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ሥራ የሐዋሳ ጎልማሳ ቆሮሶ በዓመት ሁለት ቀለበት እንደሚያወጣ አሳይተዋል። ሳላውቅ ቆጥሬ የአራት ዓመት ዓሣ ስምንት ዓመቱ ነው ብዬ የጻፍኩበት ፖስታ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ሦስቱን ፖስታዎች ከጨረሳችሁ ጣና ይቀጥላል። እዚያ የቢልጫ ወገን የሆኑ ወደ 15 የሚጠጉ ላቢዮባርበስ ዝርያዎች በአንድ ሐይቅ ተለያይተው ይኖራሉ፤ ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ አዳኝ ናቸው። ዘራቸው ቅርብ፣ ሐይቁ አንድ፣ ኑሯቸው የተለያየ ነው። ለእነሱ ከሳጂታ ይልቅ አስቴሪስከሱን ያዙ፤ ባሕር ዳር ላይ ዓሣውን ሳትለኩ ጭንቅላት አትቀበሉ።