ፎቶ ውስጥ የደበቅኩት የት ገባ?

ባሕር ዳር ፎቶ ኤዲት የሚማሩ ልጆች አሉኝ። በየዙሩ አንዱ ስልኩን ይዞ ይመጣል።

«ጋሼ፣ ፎቶው ውስጥ የደበቅኩት ጽሑፍ ጠፋ።»
«በምን ላክኸው?»
«በቴሌግራም።»
«እንደ ፎቶ ነው እንደ ፋይል?»

ዝም።

እንግዲህ ስሙኝ። ፎቶ ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ይሠራል፤ ጽሑፉም ኮምፒውተር ውስጥ ቢት የሚባሉ የ0 እና የ1 ድርድር ነው። ቀላሉ አደባበቅ የፒክስሉን ቁጥር የመጨረሻ ቢት በጽሑፉ ቢት መቀየር ነው። ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 ቁጥር አላቸው። 200 የነበረው 201 ቢሆን ማንም አያየውም። ጄፔግ የሚባለው የፎቶ ፋይል ዓይነት ደግሞ ሥራው ዓይን የማያየውን መጣል ነው! ፎቶውን 8 በ8 ፒክስል ይከፋፍልና ቁጥሮቹን ያጠጋጋል። እንደ ፎቶ ስትልኩት ቴሌግራም መልሶ ይጨምቀዋል። የእናንተ 1 ድራሿ ይጠፋል። ምንም በማይጥለው የፋይል ዓይነት፣ በፒኤንጂ አስቀምጡ፣ እንደ ፋይል ላኩ። ስንት ጊዜ ልናገር?

ስቆጣ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። አንድ መስከረም ጢስ ዓባይ ሞልቶ ሲወርድ አነሳሁና ስሜን በዚሁ መንገድ ደብቄ በጄፔግ ለቀቅኩት። ከወራት በኋላ አንድ ባነር ላይ ታትሞ አገኘሁት። «ስሜ ውስጡ አለ» ብዬ ፎከርኩ። ፋይሉን ሰጡኝ፣ በሰው ፊት ከፈትኩት። ዝባዝንኬ ፊደል ብቻ! ከካሜራው የወጣው ኦሪጅናል ቤት ባይኖረኝ ኖሮ አፍሬ እመለስ ነበር። ለካ መልእክት መደበቅና የባለቤት ምልክት ማድረግ ሁለት ሥራ ነው። መልእክቱ ብዙ ቦታ ይፈልጋል፤ ምልክቱ ግን ጥቂት ሆኖ መጨመቅንም መቆረጥንም መቻል አለበት። ስለዚህ ምልክቱን በፎቶው ሁሉ ደጋግሞ የሚበትን ዋተርማርክ ተጠቀሙ።

ጥግ ላይ ስም መጻፍማ ይቆረጣል። ከፎቶው ጋር በሚቀመጠው የፋይሉ መረጃ ውስጥ ስም መሙላትም መደበቅ አይደለም፤ ማንም ከፍቶ ያነበዋል፣ ይሰርዘዋልም።

ከኢንተርኔት ባወረዳችሁት ፎቶ ውስጥ አትደብቁ። ኦሪጅናሉን ያገኘ ሰው ሁለቱን አቀናንሶ የነካካችሁትን ፒክስል ሁሉ ያገኘዋል። ራሳችሁ ያነሳችሁትን ተጠቀሙ፤ ያልተነካውን ቅጂ ለማንም አትስጡ።

የጠራ ሰማይም አይሆንም። ወጥ ቀለም ላይ ትንሿ ለውጥ ለመርማሪ ፕሮግራም ታሳብቃለች። የጣና ደንገል፣ የገበያ ግርግር ይሻላል። እሱንም ቢሆን ጢም አድርጋችሁ አትሙሉት። 1000 በ1000 ፒክስል ፎቶ ከየቀለሙ አንድ ቢት ቢወሰድ 375 ኪሎባይት ገደማ ይይዛል፤ ያዘ ተብሎ ግን አይታጨቅም። ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማረ አንድ ልጅ ይህን ስነግረው ሳቀ። «ሰሙ ካላማረ እኮ ሰው ሁሉ ወርቅ ፍለጋ ይነሣል» አለኝ። ለእሱ ሌላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ጽሑፉን በፓስዎርድ ሳትቆልፉ አትደብቁ። መደበቅ ብቻውን ቁልፍ አይሆንም።

ባለፈው ሳምንት አንዷ ሁሉንም በትክክል ሠራች። የራሷ ፎቶ፣ ፒኤንጂ፣ የተቆለፈ፣ እንደ ፋይል የተላከ። ልመርቃት ስል ከፋይሉ ሥር የጻፈችውን አየሁ፦ «ፓስዎርዱ 1234 ነው»።