የኔጋቲቭ ስካን ለምን ይደበዝዛል? ፎከስን በወረቀት ቁራጭ ማስተካከል

በብዙ የጎንደር ቤት ከቁም ሳጥን ግርጌ አሮጌ የኔጋቲቭ ፖስታ አይጠፋም፤ የሠርግ፣ የክርስትና፣ ይበልጡን የጥምቀት። እነዚህን በጠፍጣፋ ስካነር ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሰው ቶሎ የሚገጥመው ቅሬታ አንድ ነው፦ በድሮው የወረቀት ፎቶ ላይ ክሩ የሚቆጠረው የጥላ ጥለት፣ ስካኑ ላይ ጭጋግ ውስጥ የገባ ይመስላል። ያኔ ዲፒአዩን (ስካነሩ በአንድ ኢንች የሚያነበውን የነጥብ ብዛት) ከ2400 ወደ 6400 መጨመር ይመጣል። ፋይሉ ያብጣል፤ ብዥታው ግን እዚያው ነው።

እንደ ኤፕሰን ቪ600 ያለ ስካነር ሌንሱ የተቆለፈ ነው፤ እንደ ካሜራ ፎከስ አይፈልግም። ከመስታወቱ በላይ በአንድ በተወሰነ ከፍታ ላይ ያለውን ነገር ብቻ ጥርት አድርጎ ያያል። የፋብሪካው የፊልም መያዣ ኔጋቲቩን ከመስታወቱ 3 ሚሊሜትር ገደማ ከፍ የሚያደርገው ለዚሁ ነው። ችግሩ፣ አንድ ዓይነት ሞዴል ቢሆኑም የአንዱ ማሽን ትክክለኛ ከፍታ ከሌላው ጋር አይገጥምም። ግማሽ ሚሊሜትር ስሕተት ደግሞ በዓይን ይታያል። ሌንሱን ማንቀሳቀስ ካልተቻለ የሚንቀሳቀሰው ፊልሙ ነው።

ወደ ሥራው ከመግባት በፊት ብዥታው የት እንዳለ ይዩ። በጥምቀተ ባሕሩ፣ በአፄ ፋሲል መዋኛ የተነሣ ፎቶ ለዚህ የሚመች ነው፤ መሐሉ ላይ ጥላና መስቀል፣ ዳርና ዳሩ ላይ ደግሞ ግንቡን ያቀፉት የዛፍ ሥሮች ስላሉ የሚመረመር ነገር አይታጣበትም። ስካኑን በ100 ፐርሰንት ከፍተው ይመልከቱት። ጥላውም ሥሩም እኩል ከፈዘዘ ከፍታው ተሳስቷል። ጥላው ፈዝዞ ሥሮቹ ከጠሩ፣ ወይም ነገሩ ከተገላበጠ፣ ፊልሙ ጎብጧል። ግራው ደኅና ሆኖ ቀኙ ብቻ ከደበዘዘ መያዣው ቦታው ላይ በትክክል አልተቀመጠም፣ ወይም ከሥሩ የገባ ነገር አለ። የግንቡ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ከሆነ ስካነሩ ተንቀጥቅጧል፤ ማራገቢያና ማተሚያ ከጠረጴዛው ይውረዱ። ሌላም ምልክት አለ፦ መስታወቱ ላይ ያረፈው አቧራ ፊልሙ ላይ ካለው አቧራ ይልቅ ጠርቶ ከታየ፣ ሌንሱ የሚያየው ከፊልሙ በታች ነው፤ ፊልሙ ዝቅ ማለት አለበት።

የኤፕሰን ቪ700፣ ቪ750፣ ቪ800 ወይም ቪ850 ያለው ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያጣራ። እነዚህ ማሽኖች ሁለት ሌንስ አላቸው፦ አንዱ መስታወቱ ላይ ለተነጠፈ ነገር፣ ሌላው በመያዣ ከፍ ላለ ፊልም። የትኛው እንደሚሠራ የሚወስነው በፕሮግራሙ ውስጥ የሚመረጠው የፊልም አቀማመጥ ነው። በመያዣ ያለውን ፊልም መስታወት ላይ እንደተነጠፈ አድርጎ ያዘዘ ሰው፣ ወረቀት ቢደረድር ቢውል ውጤት አያገኝም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። አንድ ደስጣ 80 ግራም ወረቀት 500 ቅጠል ነው፤ ቁልሉን በማስመሪያ ቢለኩት 5 ሴንቲሜትር አካባቢ ይመጣል። ስለዚህ አንዱ ቅጠል 0.1 ሚሊሜትር ነው። ከዚህ የተሻለ መለኪያ ፍለጋ መድከም አያስፈልግም።

ለሙከራ የማይፈለግ ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ይምረጡ። በደብዛዛው፣ በማያብረቀርቀው ፊቱ ላይ፣ መሐሉንና አራቱን ማዕዘን፣ በመርፌ ጫፍ የመስቀል ጭረት ያድርጉበት። በፎቶው መፈተን አያዋጣም፤ ፎቶው ራሱ ሲነሣ ደብዝዞ ሊሆን ይችላል። ጭረት ግን ምስሉ ያለበት ንጣፍ ላይ ስለሆነ አያታልልም።

ፊልሙን በመያዣው ላይ እንደ ተለመደው የሚያብረቀርቀውን ፊት ወደ መስታወቱ አድርገው ያስገቡ። 2400 ዲፒአይ፣ 16 ቢት ግራጫ ያድርጉት። አንሻርፕ ማስክን (ምስሉን በፕሮግራም የሚያጠራውን) እና አቧራ ማጥፊያውን ሁሉ ያጥፉ፤ ካላጠፉ የሚያነጻጽሩት ሌንሱን ሳይሆን የፕሮግራሙን ማስዋቢያ ይሆናል። ብርሃኑንም ራሱ እንዳይቀያይር ይቆልፉት። ጊዜ ለመቆጠብ በመሐለኛው ጭረት ዙሪያ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ቦታ ብቻ ይምረጡና ስካን ያድርጉ፤ ፋይሉን «00» ይበሉት።

ከዚያ አንድ ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸው የወረቀት ቁራጮች ቆርጠው ከመያዣው በግራም በቀኝም ሥር ሁለት ሁለት ያስገቡ፤ ፋይሉ «02»። እንደገና ሁለት ይጨምሩ፣ «04»። እስከ «10» ይሂዱ፤ ይህ አንድ ሙሉ ሚሊሜትር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር፦ በመያዣው አንድ ጫፍ ያለው ክፍት መስኮት ስካነሩ ብርሃኑን የሚለካበት ነው። ወረቀት ወይም ፕላስተር ከሸፈነው በምስሉ ላይ ከላይ እስከ ታች መስመር ይሰመራል።

ስድስቱን ፋይሎች ጎን ለጎን ከፍተው የጭረቱን ጠርዝ ያነጻጽሩ። ዓይን ሲያመነታ፣ ሁሉንም በአንድ ዓይነት የጄፔግ ጥራት አስቀምጠው የፋይሉን መጠን ይዩ፤ ቦታውና ብርሃኑ አንድ እስከሆነ ድረስ የጠራው ምስል ዝርዝሩ ስለሚበዛ ፋይሉ ይከብዳል። «04» ካሸነፈ በ«03»ና በ«05» ይድገሙት። ያሸነፈውን ቁጥር ያህል ቁራጭ ከመያዣው እግር ሥር በስስ ፕላስተር ለጥፈው ይተዉት፤ ቁጥሩንም መያዣው ላይ ይጻፉበት።

ከሁሉ «00» ከተሻለና ወረቀት በተጨመረ ቁጥር ከባሰ፣ የማሽኑ የፎከስ ነጥብ ከመያዣው በታች ሊሆን ይችላል። ቪ700ን በመሳሰሉት የመያዣው እግር ከፍታው ይቀየራል። በማይቀየረው ላይ እግሩን ከመሞረድ፣ ከጥቁር ካርቶን በምላጭ መስኮት የወጣለት ክፈፍ ሠርቶ ከ2 ሚሊሜትር ጀምሮ በወረቀት ማሳደግ ይሻላል። የተሞረደ አይመለስም።

ከፍታው ተገኝቶም መጎበጡ ካልተፈታ ግማሽ ሥራ ነው። ፊልም ምስሉን የያዘው ጄላቲን አየር ሲደርቅ ስለሚኮማተር ወደ ደብዛዛው ፊት ይጎብጣል። በበጋ፣ ጥርና የካቲት ላይ፣ ከፖስታው የወጣ ስትሪፕ (የተቆረጠ የፊልም ቁራጭ) እንደ ቦይ የሚጠቀለለው ለዚህ ነው። የሚያብረቀርቀው ፊት ወደ ታች ሲሆን ዳሮቹ በመያዣው ተይዘው መሐሉ ወደ መስታወቱ ይወርዳል፤ ጥላው ፈዝዞ ሥሮቹ የሚጠሩት ያኔ ነው።

አንዳንዱ ከመስታወት ቤት ስስ መስታወት አስቆርጦ ከላይ ይጭንበታል። ወደ ታች የጎበጠን ነገር ከላይ መጫን እምብዛም አይጠቅምም። እብጠቱ ወደ ላይ እንዲሆን ፊልሙን መገልበጥ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚያብረቀርቀው ፊት ተራውን መስታወት ይነካና በምስሉ ላይ እንደ ፈሰሰ ዘይት ክብ ክብ ቀለም ይወጣል፤ የኒውተን ቀለበት ይሉታል። መፍትሔው ፊቱ በጥቂቱ የተሞረደ ፀረ ኒውተን መስታወት ነው። ፊልሙ ስለተገለበጠ ምስሉን በፕሮግራሙ ግራ ቀኝ መመለስ አይርሱ፤ አለዚያ ሁሉም ሰው ግራኝ ይሆናል።

ይህ መስታወት ካልተገኘ ትዕግሥት አለ። ስትሪፖቹን በንጹሕ የፊልም ከረጢት አድርጎ ከከባድ መጻሕፍት ሥር አንድ ሳምንት ማሳደር ብዙውን ያቃናል። ጠቅልሎ በተቃራኒው ማሰር ለአዲስ ፊልም ይሆናል፤ የቆየው ግን ሊሰነጠቅ ይችላል። ፀሐይ ላይ ማሞቅማ ፈጽሞ አይሞከርም። በክረምት ደግሞ ጄላቲኑ እርጥበት ጠጥቶ ይለሰልሳል፤ መስታወት ከተጫነበት ሊጣበቅ ስለሚችል ዋናውን ሥራ መስከረምና ጥቅምት ላይ ማድረግ ይመረጣል።

ዲፒአይን በተመለከተ ራስዎን አያድክሙ። ቪ600 ሳጥኑ ላይ 6400 ተብሎ ቢጻፍም ከፊልም በእውነት የሚያወጣው 1600 ገደማ ነው፤ ቪ700 ደግሞ 2300 ገደማ። 24 በ36 ሚሊሜትር የሆነ ፊልም በ1600 ሲቆጠር 13 በ18 ሴንቲሜትር ፎቶ ያለ ችግር ያሳትማል። በ3200 ስካን አድርጎ ምስሉን በግማሽ መቀነስ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ትንሽ ማጥራት ይበቃል። በብር ለተሠራ ጥቁርና ነጭ ፊልም ዲጂታል አይስን (በኢንፍራሬድ ብርሃን አቧራ ለይቶ የሚያጠፋውን) አያብሩ፤ ብሩ የኢንፍራሬዱን ብርሃን ስለሚከለክል ምስሉን ራሱን እንደ አቧራ ቆጥሮ ያበላሸዋል።

ሁሉም ተደርጎ አሁንም ፊቱ የማይጠራ ሰው ካለ፣ እዚያው ፍሬም ላይ ያለ ጭረት ወይም የአቧራ ቅንጣት ፈልገው ያጉሉት። ቅንጣቱ ስለት ሆኖ ፊቱ ከፈዘዘ ስካነሩ ንጹሕ ነው፤ የደበዘዘው ያን ቀን ካሜራው ነው።