«ካ» ያለው ሁሉ ጥያቄ አይደለም፦ ጃፓንኛ ስትማሩ የሚያሳስቷችሁ መጨረሻዎች

ጃፓንኛ የጀመረ ሰው ገና በመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች «ካ» መጨረሻ ላይ ከመጣ ጥያቄ ነው ብሎ ይይዛል። ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ነው። መልስ የማይጠበቅባቸው ጥያቄዎች በጃፓንኛ ሞልተዋል። እኛም «ማን ይሄዳል!» ስንል የሚሄደውን ሰው ስም እየጠየቅን አይደለም። ችግሩ በሰው ቋንቋ ሲሆን ይሄ ይጠፋብናል። የተለመዱት ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ድምፁን ትቶ «ካ»ን ብቻ መስማት። «ሶ ዴስ ካ» ድምፁ ወደ ላይ ሲወጣ «እውነት?» ነው። ሲወርድ ግን «እሺ፣ ገባኝ» ነው። ሰውየው ገብቶኛል እያላችሁ እናንተ እንደገና ማስረዳት ትጀምራላችሁ። «ዴሾ»ም እንደዚያው ነው፤ ሲወጣ «አይደል?» ብሎ ማረጋገጫ ይጠይቃል፣ ሲወርድ «ሳይሆን አይቀርም» ይላል።

«ጃ ናይ ካ» ውስጥ ያለውን «ናይ» እንደ «አይደለም» መተርጎም። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት መጋረጃውን የከፈተ ሰው «አሜ ጃ ናይ ካ!» አለ እንበል። «አሜ» ዝናብ ነው። ቃል በቃል ከሄዳችሁ «ዝናብ አይደለም?» ይሆንባችኋል፣ እሱ ግን እያለ ያለው «እንዴ፣ እየዘነበ ነው እኮ!» ነው። ጓደኛችሁ ተቆጥቶ «ኢታ ጃ ናይ ካ» ካላችሁ ደግሞ «ነገርኩህ አይደል!» ማለቱ ነው፣ ወቀሳ ነው፣ እና ለዚህ «አዎ፣ ነግረኸኛል» ብሎ ረጋ ብሎ መመለስ ነገሩን ያባብሰዋል እንጂ አያበርደውም። «ጎሜን»፣ ይቅርታ፣ በሉና ጨርሱት። «ኢ ጃ ናይ ካ» ሲሏችሁም አትደንግጡ፤ «ምን አለበት፣ ጥሩ ነው እኮ» ነው።

«ናይ ካ» ከግስ ጋር ሲመጣ በደንብ ለዩት። «ኢካናይ ካ» ግብዣ ነው፦ «አንሄድም?» እንደምንለው። «ኢኮ ጃ ናይ ካ» ደግሞ «በሉ እንሂድ!» ብሎ ሰው ማነሳሳት ነው። ሁለቱም ውስጥ «ናይ» አለ፣ አንዳቸውም ግን መቅረትን አያወሩም። የ«ጃ ናይ ካ»ን አጭር «ጃን»ንም ቶኪዮና ዮኮሃማ አካባቢ በየደቂቃው ትሰሙታላችሁ።

«ሞን ካ»ን እንደ ተራ ጥያቄ መውሰድ። «ማኬሩ ሞን ካ!» ማለት «እሸነፋለሁ እንዴ!» ነው፣ ማለትም በጭራሽ አልሸነፍም። «ኒዶ ቶ ኢኩ ሞን ካ» ያለ ሰው ሁለተኛ እዚያ ቤት አይረግጥም። ስትጠቀሙበት ደግሞ እንደ «ሱኪ» (የሚወደድ) ካሉ ቅጽሎች በኋላ «ና» ማስገባት አትርሱ፦ «ሱኪ ና ሞን ካ»፣ «እወዳለሁ እንዴ!»። «ሞኖ ዴስ ካ» ብላችሁ ብታለዝቡትም እምቢታው እምቢታ ነው። አለቃችሁ ፊት ይቅርባችሁ።

ከአኒሜ፣ ከጃፓን የካርቱን ፊልም፣ የሰሙትን እንዳለ መጠቀም። «ሺሩ ካ!» አጭር ነው፣ ጆሮ ላይ ያምራል። ትርጉሙ ግን «እኔ ምን አውቄ!» ነው፣ ያውም በቁጣ። መንገድ ለጠየቃችሁ ሰው ይህን ማለት ስድብ ነው ማለት ይቻላል። በትህትና «አላውቅም» የሚለው «ሺሪማሴን» እንኳ «እኔን አይመለከተኝም» ሊመስል ስለሚችል፣ ለማያውቁት ሰው ያንኑ የሚለው ለስላሳው «ዋካሪማሴን» ይሻላል።

«ናይ ካና»ን መገልበጥ። «ሃያኩ ኮናይ ካና» ያለች ልጅ ሰውየው እንዳይመጣ እየፈለገች አይደለም። «ምነው ቶሎ በመጣ» እያለች ነው። ይሄ ምኞት ነው፣ በቃ።

ንባብ ላይ የጸሐፊውን አቋም ማለፍ። የንባብ ፈተና ለምትዘጋጁ ይሄ ነጥብ ያስገኝላችኋል። ጽሑፉ ውስጥ «ዴዋ ናይ ዴሾ ካ» ወይም «ዴዋ ናይ ዳሮ ካ» ስታዩ ቁሙ። ጸሐፊው ይመስለኛል እያለ ነው፣ በለሰለሰ አነጋገር የራሱን ሐሳብ እያስቀመጠ። «የጸሐፊው ሐሳብ የቱ ነው?» ሲባል መልሱ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር አካባቢ ነው።

«ዳሮ ካ» («ይሆን?») ያለ «ናይ» ብቻውን ሲሆን ግን ተጠንቀቁ፤ አንዳንዴ የምር ማሰላሰል ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ጃፓኖች «ሃንጎ» የሚሉት፣ መልሱ ተቃራኒው የሆነ ጥያቄ ነው። የእነሱ ተማሪዎች ጥንታዊ ጽሑፍ ሲፈቱ ሃንጎን ከነመልሱ ነው የሚጽፉት፦ «... ዳሮ ካ፣ ኢያ፣ ... ናይ»፤ «ይሆን ይሆን? የለም፣ አይሆንም» እንደማለት። እናንተም ደብተራችሁ ላይ እንዲሁ አድርጉ፤ ከእያንዳንዱ ምሳሌ ጎን «የለም፣ ...» ብላችሁ የተዋጠውን መልስ ጻፉት። መልሱን መጻፍ ካቃታችሁ ምናልባት ያ ዓረፍተ ነገር የእውነት ጥያቄ ነው።