«አይደል?» በእንግሊዝኛ፦ ተውላጠ ስሙን እንዴት እንምረጥ

በአማርኛ «መጣ፣ አይደል?» እንላለን። «መጣች፣ አይደል?»፣ «መጣን፣ አይደል?» ብንልም ጭራዋ ያችው ናት። ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን «አይደል» አትለወጥም። የእንግሊዝኛው ኩዌስሽን ታግ (ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ የሚቀጠለው አጭር የጥያቄ ጭራ) ግን ረዳት ግስና ተውላጠ ስም ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱም እንደ ባለቤቱ ይለዋወጣሉ። እኛን የሚያስቸግረን በተለይ ተውላጠ ስሙ ነው። የአማርኛ ግስ ባለቤቱን በውስጡ ስለሚይዝ «እሱ»፣ «እሷ» እያልን ለይተን መጥራት እምብዛም አያስፈልገንም። ስለዚህ ብዙዎች «ኢዝንት ኢት»ን እንደ «አይደል» ለሁሉም ይጠቀሙባታል፦ «ዩ አር ፍሮም ጎንደር፣ ኢዝንት ኢት?» ትክክሉ «አርንት ዩ?» ነው። በለንደን የጎዳና ንግግር ለሁሉም የምትሆን «ኢኒት» የምትባል ቃል ትሰማላችሁ፤ ለፈተናና ለመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ግን አትሆንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት አስምሩበት። ቀጥሎ በሚመጥነው ተውላጠ ስም ተኩት፦ አይ፣ ዩ፣ ሂ፣ ሺ፣ ኢት፣ ዊ፣ ዘይ። «ሂም» እና «ዜም» ጭራው ላይ አይገቡም፤ ስሙም አይደገምም። ከዚያ ረዳት ግሱን አስቀድሙ፣ ተውላጠ ስሙን አስከትሉ፦ «ሳራ ሊቭስ ሂር፣ ደዝንት ሺ?» ባለቤቱ ድርብ ከሆነ «አይ» ያለበት ሁሉ «ዊ» ይሆናል፤ «አይ» ሳይኖር «ዩ» ካለበት «ዩ» ነው። «ዩ ኤንድ ሳራ አር ፍሬንድስ፣ አርንት ዩ?»

ማስመሩ ቀላል ቢመስልም ወጥመድ አለው። በአማርኛ «የቲማቲም ዋጋ» ስንል ዋናው ስም መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። በእንግሊዝኛ «ዘ ፕራይስ ኦፍ ቶማቶስ» ሲባል ግን ዋናው ስም ፊት ነው፤ ለግሱ ቅርብ የሆነው «ቶማቶስ» እጅ ይጎትትና «ሃቭንት ዘይ» ያስጽፋል። የጨመረው ዋጋው ነው፤ ስለዚህ «ዘ ፕራይስ ኦፍ ቶማቶስ ሃዝ ጎን አፕ፣ ሃዝንት ኢት?» በሉ።

ከአማርኛ ይዘናቸው የምንሄድ ሌሎች ሁለት ልማዶች አሉ። አንደኛው ጾታ ነው። ፀሐይ ወጣች፣ መኪናዋ ተበላሸች፣ አገሬ ሰፊ ናት እንላለን፤ በእንግሊዝኛ እነዚህ ሁሉ «ኢት» ናቸው፦ «ዘ ካር ኢዝ ብሮክን፣ ኢዝንት ኢት?» ሁለተኛው አክብሮት ነው። «አባትህ ደህና ናቸው፣ አይደል?» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሱ «ናቸው» ወደ «ዘይ» እንዳይወስዳችሁ፤ አንድ ሰው አንድ ነውና «ዩር ፋዘር ኢዝ ዌል፣ ኢዝንት ሂ?» ነው። በእንግሊዝኛ «ሂ» ማለት አባትን ማቃለል አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው «ኤቭሪባዲ»፣ «ሰምባዲ» እና «ኖባዲ» ነው። ግሳቸው ነጠላ ነው፤ ጭራቸው ላይ ግን «ዘይ» ይገባል፤ ሰዎቹ ወንዶች ይሁኑ ሴቶች አልተለየምና። «ዘይ» ሲገባ ረዳት ግሱም አብሮ ወደ ብዙ ቁጥር ይዞራል። «ኤቭሪባዲ ኢዝ ሂር» ካላችሁ ጭራው «ኢዝንት ዘይ» ሳይሆን «አርንት ዘይ?» ነው። «ኤቭሪባዲ ላይክስ ኮፊ» ላይም «ደዝንት» ቀርቶ «ዶንት ዘይ?» ይመጣል። «ኖባዲ» ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለው። «ኖት» ባይታይበትም ትርጉሙ አሉታዊ ስለሆነ ጭራው አዎንታዊ መሆን አለበት፦ «ኖባዲ ኮልድ፣ ዲድ ዘይ?» «ኤቭሪቲንግ» እና «ነቲንግ» ግን ለነገር ስለሆኑ «ኢት» ይወስዳሉ፦ «ነቲንግ ሃፕንድ፣ ዲድ ኢት?»

«ዚስ» እና «ዛት» ወደ «ኢት»፣ «ዚዝ» እና «ዞዝ» ወደ «ዘይ» ይቀየራሉ። «ዜር» ሳይለወጥ ይደገማል፦ «ዜር ኢዝ ኤ ፕሮብሌም፣ ኢዝንት ዜር?» «ዘ ኒውስ» መጨረሻው «ስ» ቢሆንም «ኢት» ነው፤ «ዘ ፖሊስ» ደግሞ ነጠላ ቢመስልም «ዘይ» ነው። ድርጊት ባለቤት ሲሆን፣ ለምሳሌ «ለርኒንግ ኢንግሊሽ ቴክስ ታይም» ላይ፣ «ደዝንት ኢት?» በሉ። «አይ አም» ብቻውን ያፈነገጠ ነው፤ ተውላጠ ስሙ «አይ» ሆኖ ይቆያል፣ ረዳት ግሱ ግን «አርንት» ይሆናል፦ «አይ አም ሌት፣ አርንት አይ?»

ባለቤቱ ሁለት ሲሆንስ? «አይ ቲንክ ሺ ኢዝ ሲክ» ውስጥ «አይ» እና «ሺ» አሉ። «አይ ቲንክ» የተናጋሪው ማለዘቢያ ናት፤ የሚጠየቀው ስለ ሴትዮዋ ስለሆነ «ኢዝንት ሺ?» ይባላል። «አይ ዶንት ቲንክ ሺ ኢዝ ሲክ» ካላችሁ አሉታው ወደ እሷ ይሻገርና «ኢዝ ሺ?» ይሆናል። አሳቢው ሌላ ሰው ከሆነ ግን ጭራው ወደ አሳቢው ይመለሳል፦ «ሂ ቲንክስ ሺ ኢዝ ሲክ፣ ደዝንት ሂ?»

ባለቤቱ ጭራሽ የማይታይበትም አለ። በትእዛዝ የሚታዘዘው ፊት ለፊት ያለው ሰው ስለሆነ «ዩ» ይገባል፦ «ኦፕን ዘ ዶር፣ ዊል ዩ?»፣ «ዶንት ቢ ሌት፣ ዊል ዩ?» «ሌትስ» መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ስ» «አስ» የሚለው ቃል አጥራ ናት፤ እኛን ስለምታመለክት «ሌትስ ጎ፣ ሻል ዊ?» ይባላል።