የኅብረት ስምምነት ረቂቅ ሲመጣ የምንሠራቸው ስህተቶች፦ ከበረራ አስተናጋጆች እስከ ጣና ጀልባ

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ የበረራ አስተናጋጅ ናት። ለእረፍት ባሕር ዳር መጥታ፣ እኔ የምሠራበት ሆቴል ጓሮ፣ ጣና ዳር ተቀምጠን ዓሣ ጥብስ አዘናል። እሷ ስልኳ ላይ የማኅበሯን አዲስ የሥራ ስምምነት ረቂቅ ከፍታለች። እኔ ደግሞ የእኛን፣ ማኅበራችን ከአሠሪው ጋር የሚፈራረመውን የኅብረት ስምምነት ረቂቅ፣ በፌስታል ይዤ ነበር፤ የሆቴሉ ሠራተኛ ማኅበር ተደራዳሪ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ።

«ጋሼ፣ የናንተ ጭማሪ ስንት ፐርሰንት ነው?» አለችኝ።

«ሃያ!» አልኳት፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ።

ሳቀች። «እኛም መጀመሪያ የጠየቅነው እሱን ነበር።»

ዓሣው ሳይቀርብ ስህተቶቼን መቁጠር ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው ሌሎቹም ሲደግሟቸው ስላየሁ ነው የምጽፋቸው።

ፐርሰንቱን አይቶ ወረቀቱን ማጠፍ

ሃያ በመቶ ለጆሮ ይጥማል። ግን አንዴ ነው ወይስ በየዓመቱ? ከየትኛው ወር ጀምሮ? ድርድሩ የፈጀው ጊዜ ውዝፉ ይከፈላል ወይስ ተበልቶ ይቀራል?

የእኛ ስምምነት ለ3 ዓመት የሚጸና ነው። አሠሪው ሁለት አማራጭ አቀረበ፦ ወይ አሁኑኑ 20 በመቶ ጨምሮ ከዚያ በኋላ ምንም፣ ወይ በመጀመሪያው ዓመት 12፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ደግሞ 8 በመቶ እያለ መጨመር። አዳራሹ ለመጀመሪያው አጨበጨበ። ስልኳን አውጥታ ያሰላችው የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ብቻ ነበረች። 5,000 ብር የሚያገኝ ሰው በመጀመሪያው አማራጭ 6,000 ይገባል፤ በ36 ወር 216,000 ብር ማለት ነው። በሁለተኛው 5,600፣ ከዚያ 6,048፣ ከዚያ 6,531 ብር ከ84 ሳንቲም ይሆናል፤ ድምሩ 218,158 ብር። የ2,158 ብር ልዩነት ለሦስት ዓመት እንደ ምንም ነው። ትልቁ ነገር የሚቀጥለው ድርድር ከ6,000 ይነሣል ወይስ ከ6,531 የሚለው ነው።

እውነቱን ለመናገር ሃያውን የመረጡትንም አልፈርድባቸውም። ዛሬ በእጅ ያለ ብር ከዛሬ ሁለት ዓመቱ ብር የበለጠ ዘይት ይገዛል። ሳያሰሉ ማጨብጨቡ ነው ያናደደኝ፤ ካጨበጨቡት አንዱ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

የሳውዝዌስት አየር መንገድ አስተናጋጆች እ.ኤ.አ. በ2024 ያጸደቁት ስምምነት ሁለቱንም የያዘ ነበር፦ ወዲያው 22.24 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 2027 በየዓመቱ 3 በመቶ፣ በዚያ ላይ ውዝፍ። ከጥቂት ወራት በፊት ቀርቦላቸው የነበረውን ረቂቅ 64 በመቶው ውድቅ አድርገውት ነበር።

የትኛው ሰዓት እንደሚቆጠር አለመጠየቅ

እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ፤ ከሁሉም የባሰው ስህተት ይሄ ነው።

የአክስቴ ልጅ ዩኒፎርሟን ለብሳ በሩ ላይ ቆማ «እንኳን ደህና መጡ» ስትል ሰዓቷ አይቆጠርም። ሻንጣ አልገባ ሲል ስታግዝ፣ በወንበር የተጣሉትን ስታስማማ፣ ያለቀሰ ሕፃን ስታባብል፣ ይሄ ሁሉ በነፃ ነው። በአብዛኞቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች የኖረው አሠራር፣ ሰዓቱ የሚጀምረው በሩ ተዘግቶ አውሮፕላኑ ሲንቀሳቀስ ነው። ስለዚህ የሰዓት ተመናቸው ሲሰማ ብዙ ይመስላል፤ የሚባዛው ግን ከዋሉበት ሰዓት ባነሰ ቁጥር ነው።

ይሄ እየተለወጠ ያለው በቅርቡ ነው። አስተናጋጆቹ ማኅበር የሌላቸው ዴልታ እ.ኤ.አ. በ2022 ለመሳፈሪያው ጊዜ የመደበኛውን ተመን ግማሽ መክፈል ጀመረ። የአሜሪካን አየር መንገድ አስተናጋጆች በ2024 በ87 በመቶ ድምፅ ባጸደቁት ስምምነት የመሳፈሪያ ክፍያን አስገቡ። በኦገስት 2025 ወደ 10,000 የሚጠጉ የኤር ካናዳ አስተናጋጆች ሥራ ሲያቆሙ አንዱ ዋና ጥያቄያቸው ይሄው መሬት ላይ የሚሠሩበት ሰዓት ነበር።

ይህን ስትነግረኝ ዓይኔ ወደ ጀልባ ማቆሚያው ሄደ። የሆቴላችን ጀልባ ነጂ እዚያው ገመድ ይጠመጥማል። ጠዋት 2 ሰዓት እንግዳ ይዞ ወደ ዘጌ ይነሣል፤ መንገዱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እንግዶቹ በቡናው ጫካ ውስጥ አቀበቱን ወጥተው፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመው፣ የግድግዳውን ሥዕል እያዩ አፋቸውን ከፍተው ቆይተው፣ ቡና ጠጥተው እስኪመለሱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሄዳል። እሱ ከጀልባዋ አይርቅም። ቤንዚን ይጠብቃል፣ ሞተር ይጠብቃል፣ ሰማይ ያያል፤ ጣና ከሰዓት በኋላ ሲነሣ ቀልድ አያውቅም። የሰዓት መዝገቡ የሚይዝለት ግን ሞተሩ የጮኸበትን ብቻ ነው፦ መሄጃ አንድ፣ መመለሻ አንድ። አራት ሰዓት ተኩል ውሎ ሁለት ሰዓት ይጻፍለታል።

የወር ደመወዝተኛ ስለሆነ ምን ይጎዳዋል የሚል አይጠፋም። የሚጎዳው ትርፍ ሰዓት ሲመጣ ነው። ማታ የሠርግ እንግዳ ሐይቁን ዞር ዞር አድርገው ተብሎ ሲታዘዝ፣ ቀኑን ሙሉ ውኃ ላይ የዋለው ሰው በመዝገብ ገና 8 ሰዓቱን አልሞላም። ትርፍ ሰዓት የለም ማለት ነው። የአዳራሽ አስተናጋጆቹም ያው ናቸው፤ ለሠርግ በ6 ሰዓት ድረሱ ይባላሉ፣ ሙሽሮቹ ጣና ዳር ፎቶ ሲነሡ 9 ሰዓት ይሆናል። ሠርገኛ በሰዓቱ ሲመጣ አይቼ አላውቅም።

የሚገርመው ሕጉ ለዚህ ቀዳዳ አልተወም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት የሚለው ሠራተኛው በተግባር የሚሠራበትን ብቻ አይደለም፤ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ መሠረት ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበትንም ጊዜ ነው። «በኅብረት ስምምነት መሠረት» ብሎ የተወልን ቦታ አለ። እኛ ምን ጻፍንበት? ስለ ደመወዝ እርከን ስድስት ገጽ፣ ስለ ሥራ ሰዓት ግማሽ ገጽ፣ ስለ መጠበቅ አንድም ቃል።

አበልን ደመወዝ ማለት

በሁለተኛው ዙር አሠሪው የ1,500 ብር ጭማሪ ይዞ መጣ፦ 500 በደመወዝ፣ 1,000 በትራንስፖርት አበል። በእጅ የሚገባው ያው ስለመሰለን ደስ አለን። በአዋጁ ግን አበል፣ ቦነስ፣ ኮሚሽን፣ ከእንግዳ የሚሰበሰብ ሰርቪስ ቻርጅም ደመወዝ ተብለው አይቆጠሩም። የሥራ ስንብት ክፍያ የሚሰላው በደመወዝ ነው። የትርፍ ሰዓትም እንደዚያው። በግል ድርጅት ጡረታም ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጡት ከደመወዝ ነው። ያ 1,000 ብር ደመወዝ ቢሆን ኖሮ አሠሪው በስምህ በየወሩ 110 ብር ይጨምርልህ ነበር።

ሆቴል ላይ ደግሞ ሰርቪስ ቻርጁ የሰው ዓይን ይጋርዳል። እንግዳ በበዛበት ወር ከደመወዝ ይበልጣል። እንግዳ የጠፋበትን ጊዜ ግን ባሕር ዳር ያለ የሆቴል ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያኔ የቀረን ወረቀቱ ላይ «ደመወዝ» ተብሎ የተጻፈው ብቻ ነበር።

አዲሱን ብቻ ማንበብ

አዲሱ ረቂቅ የሚነበበው ከአሮጌው ጎን ነው። እኛ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ሁለቱን ዘረጋን። አንድ ሰው አሮጌውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው አዲሱን በእስክሪብቶ ይከተላል፣ ቃል ሲለያይ «ቁም!» ይላል።

ሦስተኛው ገጽ ላይ «ቁም!» ተባለ። አሮጌው፦ «የሺፍት ለውጥ የሚደረገው ከማኅበሩ ጋር በመስማማት ነው።» አዲሱ፦ «ማኅበሩን በማማከር ነው።» አንዲት ቃል ናት። መስማማት ካለ እኛ እምቢ ካልን ለውጡ የለም። ማማከር ከሆነ ግን ጠርተው ሻይ ጋብዘው ይነግሩናል፣ እኛ እንቃወማለን፣ ለውጡ ሰኞ ይጀምራል። ከዚያ ደግሞ «የደንብ ልብስ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰጣል» የነበረው «ሊሰጥ ይችላል» ሆኖ አገኘነው። «እንደ አስፈላጊነቱ» የምትለዋ ሐረግ ሰባት ቦታ ገብታለች፤ ለማን አስፈላጊነት እንደሆነ ግን የትም አልተጻፈም።

የአክስቴ ልጅም የእነሱን ስትነግረኝ ጭማሪውን በሁለት ደቂቃ ጨረሰችው። የተጠባባቂ ቀናት አንቀጹን ግን ዓሣው እስኪቀዘቅዝ አወራችኝ፤ ስልክ በተደወለ በስንት ሰዓት መድረስ እንዳለባት፣ የተሰጣት በረራ ሲሰረዝ ምን እንደሚከፈላት። እሷ የምትኖረው ፐርሰንቱን ሳይሆን ፕሮግራሙን ነው።

ሕጉ የሰጠንን እንደ ድል ማወጅ

ይሄ አጭር ነው። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ፣ ለወላድ ከወሊድ በፊት 30 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ለአባት 3 ቀን፣ ለቀን ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት እረፍት ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል፤ እነዚህ በአዋጁ ያሉ ናቸው። ረቂቁ ላይ በደማቅ ተጽፈው ሲመጡ «አገኘን» ማለት የራስን ጋቢ ገዝቶ እንደ መልበስ ነው። ስምምነቱ ከሕጉ ከተሻለ ስምምነቱ፣ ሕጉ ከተሻለ ሕጉ ይሠራል። ድርድር የሚባለው ከዚያ በላይ ያለው ነው።

የሰው አገር እምቢታ መቅዳት

ጠቅላላ ጉባኤው ላይ የኩሽናው ልጅ ተነሥቶ «አሜሪካኖቹ እምቢ ብለው አተረፉ፣ እኛም እምቢ!» አለ። ታሪኩ ልክ ነው። የአላስካ አየር መንገድ አስተናጋጆች በኦገስት 2024 ረቂቁን በ68 በመቶ ጥለው፣ በፌብሩዋሪ 2025 የተሻሻለውን በ95 በመቶ ተቀበሉ። የዩናይትድ አስተናጋጆችም በጁላይ 2025 የቀረበላቸውን 71 በመቶው እምቢ ብለዋል።

ግን እነሱ የቆሙበት መሬት ሌላ ነው። የአሜሪካ አየር መንገዶች የሚተዳደሩበት የ1926ቱ የባቡር ሠራተኞች ሕግ፣ በኋላ አየር መንገዶችንም የጨመረው፣ ስምምነት ጊዜው ሲደርስ «ለማሻሻያ ክፍት ሆነ» እንጂ «ሞተ» አይልም። አሮጌው እየሠራ ይደራደራሉ። እምቢታ የሚያስከፍላቸው በአሮጌው ደመወዝ መቆየትን ነው፤ ቀላል ዋጋ ባይሆንም።

እኛ ዘንድ ድርድሩ የሚጀመረው ስምምነቱ ከማብቃቱ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ነው፤ ካበቃ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ ካላለቀ ግን ስለ ደመወዝና ሌሎች ጥቅማ ጥቅሞች የሚናገሩት አንቀጾች ተፈጻሚነታቸው ይቀራል። የእኛ የሚያበቃው ሰኔ 30 ነው። መጋቢት ላይ እምቢ ማለት ጉልበት አለው። መስከረም ላይ እምቢ ብለን ጥቅምት ከገባ፣ የነበረንን ምግብና ሰርቪስ መኪናም እንደ አዲስ ልንለምን ነው። ኮሚቴው ውስጥ ጊዜ የሚገድል ሰው ካለ፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ እሱን መጠርጠር አይከፋም።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር፦ ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት መጠየቅ የሚቻለው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ነው። «አዲሱ ስምምነት ሲፈረም አብሮ ይስተካከላል» ተብሎ በቃል የተባለለት የጽዳት ሠራተኛ ስምንተኛ ወሩ ላይ ነው ወደ እኔ የመጣው።

የአክስቴ ልጅ ከመመለሷ በፊት በነበረው ማታ አንድ አንቀጽ አብረን ጻፍን፦ «የጀልባ ሠራተኛ የሥራ ሰዓት ከወደብ ከተነሣበት ጊዜ አንሥቶ ተመልሶ ጀልባውን እስኪያስር ያለው ነው፤ እንግዳ የሚጠብቅበትም ጊዜ ይጨምራል።» አማርኛው አማረን። ጠዋት ጀልባ ነጂው ዘንድ ወርጄ አነበብኩለት። በጀሪካን ቤንዚን እየቀዳ ነበር፤ ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ጥሩ ነው ወንድሜ» አለ። «ግን ይሄ አሁን የምሠራውስ? እንግዳው ሳይመጣ ውኃ እቀዳለሁ፣ ወንበር እወለውላለሁ፣ ላይፍ ጃኬት እቆጥራለሁ። ግማሽ ሰዓት ነው፣ ገና ከወደብ አልተነሣሁም።»

እስክሪብቶውን አውጥቼ «ከወደብ ከተነሣበት» የሚለውን ሰረዝኩ።