ሳማ ቭሪቲ፦ እኩል መተንፈስ እንዴት ይሠራል?

"ሳማ" ሲባል አጥር ሥር የሚበቅለው፣ እግር የሚለበልበው ቅጠል ትዝ እንዳይልዎት። በሳንስክሪት "እኩል" ማለት ነው። በዚህ የዮጋ አተነፋፈስ አየር የሚያስገቡበትና የሚያስወጡበት ጊዜ እኩል ይሆናል።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። ከቆላ የመጣ እንግዳ ዳገቷን ሲወጣ ቁና ቁና ይተነፍሳል። እና ከዳገት እንደገቡ አይጀምሩ፤ ትንፋሽዎ ይመለስ። ምሳ በልተው ከሆነም ሁለት ሰዓት ያህል ይቆዩ።

እኔ ጠዋትን እመርጣለሁ፤ ቡናው ሳይፈላ፣ ቤቱ በዕጣንና በከሰል ጭስ ሳይታፈን። እግር ማጠላለፍ ግድ አይደለም። በርጩማ ላይ ይቀመጡ። እግርዎ መሬት ይርገጥ፣ ጀርባዎ ቀጥ፣ ትከሻዎ ዘና ይበል። አንድ እጅዎን እምብርትዎ ላይ ያድርጉ።

መጀመሪያ ያለዎትን አየር ያስወጡ። ከዚያ አፍዎን ገጥመው፣ በልብዎ አንድ… ሁለት… ሦስት… አራት እያሉ በአፍንጫዎ ያስገቡ። ሆድዎ እጅዎን ወደ ፊት መግፋት አለበት። ደረት ብቻ ከተነሣ ትንፋሹ ላይ ላዩን ነው። አሁን በዚያው ቁጥር፣ በአፍንጫዎ፣ ያስወጡ። አንድ ዙር ይኸው ነው።

ጣጣው ያለው ማስወጣቱ ላይ ነው። ብዙ ሰው ሁለት ላይ አየሩን ጨርሶ ሦስትና አራትን ዝም ብሎ ይቆጥራል። እኔም ስጀምር እንደዚያው ነበርኩ፤ ቁጥሩ እኩል፣ ትንፋሹ ግን አይደለም። መዳፍዎን ከአፍንጫዎ ሥር ይያዙና ይሞክሩት። ሙቀቱ አራት እስኪሉ ድረስ ሊሰማዎት ይገባል። ቀድሞ ከጠፋ ቀስ ብለው ይልቀቁት። አሁንም እምቢ ካለ ሁለቱንም ወደ ሦስት ያውርዱ፤ ምንም አያሳፍርም።

ቁጥሩ እንዳይፈጥንብዎ የግድግዳ ሰዓቱን ቀጭ ቀጭ ይከተሉ። አዋቂ ሰው ዕረፍት ላይ ሆኖ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ በአራት አራት ሰከንድ ግን 7 ወይም 8 ይሆናል። የእጅ አንጓዎን ቢዳብሱ የልብ ምትዎ ሲያስገቡ ፈጠን፣ ሲያስወጡ ዘገም ሲል ሊሰማዎት ይችላል።

ራስዎን ካዞረዎት ቁጥሩን ይተዉትና እንደ ልማድዎ ይተንፍሱ። በመሃል አየር አምቀው የሚይዙም አሉ። ለጀማሪ አልመክርም፤ ነፍሰ ጡር፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ጨርሶ አይሞክረው። አስም ካለብዎት ሐኪምዎን ያማክሩ።

ለመጀመሪያው ሳምንት በቀን 5 ደቂቃ ይበቃል። አራቱ ከቀለለዎት ወደ አምስት ይለፉ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ እንጂ ማስገባቱን ብቻ አያርዝሙ።