ካስትሮንና ሚሽንን በአንድ ቁልቁለት

ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከሚሽን ሰፈር ወደ ካስትሮ ሰፈር በእግር ከሄዳችሁ ዳገቱ ሳታውቁት ያደክማችኋል። ገልብጡት። መጀመሪያ በሜትሮ ካስትሮ ጣቢያ ውረዱ። የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ታሪካዊ ሰፈር ይሄ ነው። ራሱም የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆኑን በግልጽ ይናገር የነበረውና እ.ኤ.አ. በ1977 ለከተማው ምክር ቤት የተመረጠው የሃርቪ ሚልክ የካሜራ ሱቅ ካስትሮ ጎዳና ቁጥር 575 ላይ ነበር። ከዚያ በ18ኛው ጎዳና ወደ ምሥራቅ ሂዱ፤ መንገዱ በአብዛኛው ቁልቁለት ነው። ዶሎረስ ፓርክ መሃል ላይ ስላለ ማረፊያ አታጡም። ቫሌንሲያ ጎዳና ስትደርሱ ካፌዎቹ ያማልላሉ፤ ኪሳችሁን ካልጠላችሁ እለፏቸውና ክላሪዮን አሊ ወደሚባለው ጠባብ መንገድ ግቡ። የሰፈሩ የቤት ኪራይ ሲወደድ ከቤታቸው የተፈናቀሉ ሰዎች ጉዳይ ግድግዳው ላይ በቀለም ተስሏል። መመለሻችሁ 16ኛው ጎዳና ያለው የባርት (የአካባቢው ከተሞች ባቡር) ጣቢያ ነው። ሚሽን ውስጥ ያለውን ሌላ ባለሥዕል መንገድ፣ የባልሚ አሊን ሥዕሎች ብቻ ለማየት ከሆነ ግን ይህን መንገድ ተዉት፤ 24ኛው ጎዳና ባርት ጣቢያ መውረድ ይቀላል።